ምዕራፍ ስድስት፦ ለቆዳ የሚመረጥ ካራ

የመስቀል በሬ ፎገራ ላይ ከነጭቃው ነው የሚመጣው። ክረምቱን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። መስከረም አጋማሽ ላይ ውሃው መሸሽ ሲጀምር መረሬው ገና አልጠነከረም፤ ከብቱ ሆዱና ጭኑ ላይ ያን ጥቁር አፈር ለብሶ፣ አፈሩም ከጠጉሩ ጋር ደርቆ ተጣብቆ ወረታ ገበያ ይደርሳል። ቅርጫ የገቡት ሰዎች የሚያዩት ሻኛውንና የዳቢቱን ስፋት ነው። ካራ የሚይዘው ሰው ግን አስቀድሞ የሚያየው ጭቃውን ነው።

አያያዙን ያውቅበታል። ብዙ ሰው ቢላ የሚደነዝዘው ሥጋ በመቁረጥ ይመስለዋል። ሥጋ ለስለት ምንም አይደለም፤ አንድ ሙሉ ሽንጥ የዘለዘለ ካራ ቀኑን ሙሉ ሊቆርጥ ይችላል። ስለትን የሚበላው በጠጉር ሥር የተሸሸገ አሸዋና አፈር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ አጥንት። ስለዚህ አንድ በሬ ገፎ ለመጨረስ ሦስትና አራት ጊዜ ድንጋይ ላይ መመለስ ያለ ነገር ነው። ገፋፊው በመሃል ቆሞ ሲስል ከብቱ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳውም እየጠበቀ ለመላቀቅ ያስቸግራል፣ ድርሻቸውን የሚጠብቁትም ያጉረመርማሉ።

ይህን ችግር አሜሪካውያን አዳኞች በራሳቸው መንገድ ፈተውታል፦ መሳሉን ጨርሶ በመተው። የሚይዙት ሰንጢ እንደማንኛውም ሰንጢ ይታጠፋል፤ ስለቱ ግን ከእጀታው ጋር አብሮ የተሠራ አይደለም፣ እንደ ጢም ምላጭ ይወልቃል። ሲደነዝዝ ይጣልና ከፓኮው አዲስ ይገባል። አባቱ የሐኪም ቤት ቢላ ነው። ሞርጋን ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ምላጩ ለሚለወጥ የቀዶ ሕክምና ቢላ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ ዛሬ በአዳኞች ዘንድ ስሙ የገነነው ሃቫሎን የሚባለው ሰንጢ የወጣውም የቀዶ ሕክምና ምላጭ ከሚሸጥ የሲንሲናቲ ኩባንያ ነው። አያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጂሌት መላጫውን ገበያ ባወጣበት በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ግን የመላጫው ሽያጭ ከ90 ሺህ አለፈ። ትርፉ ያለው እጀታው ላይ እንዳልሆነ ዓለም የተማረው ከዚህ መላጫ ነው። የአዳኙን ሰንጢ የሚሸጡትም ትምህርቱን አልረሱትም፤ እጀታው አንዴ ይገዛል፣ ምላጩ ዕድሜ ልክ።

እነዚህ ሰንጢዎች ወደ አገራችን የሚገቡት ባብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለፋሲካና ለገና ከከተማ ወጥተው ከገበሬ በግና ፍየል እየገዙ ያርዳሉ፤ እዚያ የአደን ዕቃ መደብር ገብቶ ይህን ሰንጢ ሳያይ የሚወጣ የለም። የሞከረው ሰው በጣም ይወደዋል፤ የመጀመሪያው ቅድ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ጣት ነውና። ለአባቱ አንዱን ይዞ ይመጣል። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው እንግዲህ፣ አባትየው ወረታ ላይ በሬ ፊት ቆመው ይህን ሰንጢ ምን ያደርጉበታል የሚለውን ነው።

መጀመሪያ የተፈጠረበትን ሥራ እንይ። አዳኝ ተራራ ላይ ነው፣ ሸክሙን በግራም ይቆጥራል፣ ድንጋይና ሞረድ አይሸከምም፣ በዓመት ምናልባት አንድ አውሬ ይጥላል። የሚፈልገው ቆዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንገትና የራስ ቆዳ ነው፤ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላልና። በዓይን ቆብ፣ በከንፈር፣ በጆሮ ሥርና በቀንድ ዙሪያ መግፈፍ የጣት ጫፍ ሥራ ነው፤ እዚያ ቀጭንና ጠባብ ምላጭን የሚስተካከል መሣሪያ የለም። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን ወደ አርሲና ባሌ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ያለ ሰንጢ ቢይዙ አይፈረድባቸውም። እነሱም ቢሆኑ የሚያድኑት በአዋጅ ቁጥር 541/1999 በሚተዳደር ሥርዓት፣ ፈቃድ አውጥተውና ከፍለው፣ በተከለለ የአደን ቀበሌ ውስጥ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት እንስሳት ጋር መቁጠሩን እየጠቀሰ ያለፈቃድ ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ከሕግ ጋር ነው የሚጣላው። ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው በጣራ ገዳም ደን ውስጥ ያለ ድኩላማ በገዳም ጥላ ሥር ነው፤ ለእሱ ካራ መምረጥ አያስፈልገንም።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ የመግፈፍ ጥያቄ የበሬ፣ የበግና የፍየል ጥያቄ ነው። በሬ ደግሞ አጋዘን አይደለም።

የምላጩ ድክመት የሚታየው አንጓ ላይ ነው። በሬ የሚበለተው አጥንት እየተሰበረ ሳይሆን አንጓ እየተፈለገ ነው፤ ካራው በሁለት አጥንት መካከል ይገባል፣ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ጅማቱ ይበጠሳል፣ ወርቹ ይለያል። ያቺ ትንሽ ጥምዘዛ ለወፍራም ካራ ምንም አይደለችም፤ ለቀጭን ምላጭ ግን ሞት ናት። ምላጩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይቆርጣል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ይሰበራል። ሲሰበር ቁራጩ የት ሄደ? አሜሪካዊው ሥጋውን ይፈጨዋል፣ ይጠብሰዋል፤ ቢያገኘው ሳህኑ ላይ ያገኘዋል። እኛ ግን ያኑ ቀን፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ ጎድኑን ገና ትኩስ እያለ በአዋዜ እንበላዋለን። ጥሬ ሥጋ ውስጥ የጠፋ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ብረት የሚገኘው በጥርስ ነው፤ ያም ዕድል ሲቀና። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፦ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ቅርጫ ላይ ቀጭን ምላጭ ለመበለት መግባት የለበትም። ከቆዳና ከሥጋ መካከል አልፎ ወደ ውስጥ አይግባ።

አንዳንድ አምራቾች ይህን አይተው ምላጩን ወፈር አድርገው፣ ከጀርባው የብረት ደጋፊ አልብሰውታል። አውትዶር ኤጅ የሚባለው ኩባንያ ሰንጢ እንዲህ ነው የተሠራው። ከሐኪም ቤቱ ምላጭ እጅግ ይሻላል፣ በግና ፍየል ያለ ችግር ይገፍፋል። ሆኖም በደጋፊውና በምላጩ መካከል ያለችው ስንጥቅ ደምና ስብ ትይዛለች፤ ፈትቶ በፈላ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። በበዓል ማግሥት ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቆዳው። ስለታምነት ብቻውን መልካም የሚመስለን ሥጋውን ብቻ ስለምናስብ ነው። ቆዳን በሚመለከት ግን እጅ ያልተገራበት የሰላ ምላጭ ከደነዘዘ ካራ የከፋ ጥፋት ያደርሳል። የደነዘዘው ያደክማል እንጂ ወዲያው አያልፍም፤ ምላጩ ግን ቆዳውን ሲነካ ለእጅ ምንም አይታወቅም። ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ። አንደኛው በሌላው በኩል ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ነው፤ ይህን ነጋዴው አይቶ ዋጋ ይቀንሳል። ሁለተኛው ቆዳውን ሳያልፍ በሥጋው በኩል የቀረ ጭረት ነው። ይህኛው ገበያ ላይ አይታይም። ቆዳው ባሕር ዳር ወይም ሞጆ ፋብሪካ ገብቶ፣ ኖራ ውስጥ ተነክሮ ጠጉሩ ከወለቀና ከተፋቀ በኋላ ነው የሚወጣው፤ ጫማ ሊሆን የታሰበው ቆዳ በዚያ መሥመር ላይ ይቀደዳል። የኢትዮጵያ ቆዳ በጥራቱ የሚወቀስባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፦ የቅማልና የእከክ ጠባሳ፣ የመተኮሻ ምልክት፣ ጨው ሳይነሰነስበት የዋለ ቆዳ። ከሁሉም ግን ባንድ ማለዳ በእጃችን የምናደርሰው የካራ ጉዳት ነው።

የካራ ጉዳት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ፋብሪካ መሄድ የለበትም፤ የቆየ የብራና መጽሐፍ ይመልከት። ጣራ ገዳምን በመሰሉ ገዳማት ያሉ መነኮሳት ሥጋ አይበሉም፤ ቆዳ ግን ከገዳም ሕይወት ተለይቶ አያውቅም። መጽሐፉ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፣ ማኅደሩ ቆዳ ነው፣ ከበሮው የተለበጠው በቆዳ ነው። የብራና ገጾችን ሲገልጡ አንዳንዱ ላይ በጽሑፉ መካከል ክብ ወይም እንደ ዓይን ሞላላ ቀዳዳ ያያሉ። ጸሐፊው ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህ አቁሞ ከወዲያ ይቀጥለዋል። ሌላው ገጽ ላይ ቀዳዳው ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ በክር ወይም በጅማት ተሰፍቷል። ያ ቀዳዳ ሲጀመር ቀዳዳ አልነበረም። ገፋፊው ያሳለፋት የምስር ፍሬ የማታህል ጭረት ነበረች። ቆዳው ርሶ በእንጨት ዘንግ ላይ በአራቱም ማዕዘን ሲወጠር ጭረቷ ተከፈተች፣ ሲደርቅም እንደ ተከፈተች ቀረች። ገፋፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ከጸሐፊውና ከአጻፊው ጋር አይጠቀስም። የእጁ መሳት ግን ገጹ እስካለ አለ።

ጥሩ ገፋፊ እንዴት ነው የሚሠራው? በመጀመሪያ ቅድ ይለያል። ያልለመደ ሰው ካራውን ከላይ ወደ ታች፣ ከጠጉሩ በኩል ይጫነዋል፤ ጠጉሩን ይቆርጣል፣ አፈሩን ከሥጋው ጋር ያደባልቃል፣ ካራውንም ያደነዝዛል። የለመደው ቆዳውን በጫፉ ቀደድ አድርጎ ስለቱን ወደ ላይ ያዞርና ከውስጥ ወደ ውጭ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ጠጉሩ አይቆረጥም፣ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ይህች አንዲት ልማድ የስለትን ዕድሜ ከማንኛውም ውድ ብረት በላይ ታረዝማለች፤ ለሥጋው ንጽሕናም መጀመሪያዋ እሷ ናት። ከአገጭ ተነሥቶ በፍሪምባው መካከል፣ በሆዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀጥሎ እግሮቹን በውስጥ በኩል ይሰነጥቃል። ቅዱ ከተጣመመ ቆዳው ሲዘረጋ አንዱ ወገን ይረዝማል፤ ፋብሪካው ያንን ቆርጦ ይጥለዋል።

ከዚያ ግራ እጁ ቆዳውን ወጥሮ ይይዛል። ቆዳው ሲወጠር በሥጋውና በቆዳው መካከል ነጭ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስስ ሽፋን ይታያል። ካራው የሚሄደው እዚያ ነው፤ በሆዱ እየተጠረገ፣ ረዘም ባለ እንቅስቃሴ፣ ስለቱ ትንሽ ወደ ሥጋው አዘንብሎ። ጫፉ የትም አይገባም። ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ሲደርስ ደግሞ ካራውን ያስቀምጥና በጡጫው ይገፋል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቆዳ ወፍራም ነው፣ የቆዳው ዋጋም ያለው እዚያ ነው፣ ደግነቱ ለጡጫና ለመሳብ እሺ የሚለውም እሱ ነው። ስልቻ ለማውጣት ፍየል የሚገፍ ሰው ከዚህም ያልፋል፤ ሆዱን ሳይሰነጥቅ ከኋላ እግር ጀምሮ እንደ ሸሚዝ ያወልቀዋል። እዚያ ካራው አንዲት ቀዳዳ ካበጀ ስልቻው እህል እንጂ ዱቄት አይይዝም።

ከዚህ በኋላ ምን ዓይነት ካራ እንደሚያስፈልግ ለመናገር አይከብድም። ሆዱ ጎበጥ ብሎ የወጣ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተመለሰና የተዶለዶመ። ሾጣጣ ጫፍ ለማረድ እንጂ ለመግፈፍ አይደለም፤ አብዛኛውን ቀዳዳ የሚያበጀው ጫፍ ነው። ወረታ ገበያ ውስጥ የሚሸጠው አብረቅራቂ የቻይና ቢላ ባብዛኛው ቀጥና ሹል ነው፣ ለሽንኩርት ይሁን። ከባለእጅ የሚታዘዘው ካራ ከዚያ ይበልጣል፤ ቅርጹን አንተ ነህ የምትነግረው።

ብረቱም ቅርብ ነው። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ የተሰበረ የአይሱዙ ባሌስትራ የማይገኝበት ቀን የለም። ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ ለካራ ጥሩ መካከለኛ፣ ይጠነክራል ግን እንደ ብርጭቆ አይሰበርም። ያረጀ ሞረድ አንድ በመቶና ከዚያ በላይ ካርቦን ስላለው ስለቱ ይበልጥ ይቆያል፤ ሆኖም ካልተገራ አንጓ ላይ ይሸረፋል። ፌሮ ብረት ግን ማንም ቢያሞግስልህ አትቀበል፤ ቢያብረቀርቅም ስለት አይይዝም። ጥሩ ባለእጅ ካራውን ቀጥቅጦ ከጨረሰ በኋላ ማግኔት መያዝ እስኪያቆም ያግለዋል፤ ከዚያ በውሃ ሳይሆን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃ እንዲህ ያለውን ብረት ይሰነጥቀዋልና። መጨረሻ ላይ በቀስታ እንደገና አሙቆ ብረቱ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ያወጣዋል። ይህችን የመጨረሻ ሥራ የሚዘል ባለእጅ አለ። እጀታው የዋንዛም ይሁን የቀንድ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀና በችንካር የተያዘ ይሁን፤ ከፊት በኩል ደግሞ ጣት በስብ ተንሸራቶ ስለቱ ላይ እንዳይሄድ የሚያግድ ጉብታ ይኑረው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። በዚያው አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የባለእጅ ልጅ ወናፉን ትቶ ባጃጅ ቢነዳ የሚፈርድበት የለም። ካራ የሚያሳምር እጅ ከሌለ ግን ምላጩ የሚለወጥ ሰንጢ ምርጫ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል።

ካራው ሁለት ይሁን። አንዱ ሆዳሙ ገፋፊ፣ ሌላው ጠበብና ጠንከር ያለ ለመበለት። ቆዳ የነካው ሥጋ እንዳይነካ ማለት ነው። ትልልቅ ቄራዎች ውስጥ ሠራተኛው ሁለት ቢላ ይይዛል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ዛፍ ሥር ለሚሠራ ሰው ለዚህ የሚያስፈልገው የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቅድ በፊት የሆዱን ጭቃ በውሃና በብሩሽ ማስለቀቅም ምንም አያስከፍልም፣ ግን ከአሥር ምላጭ ይበልጣል። የልኳንዳ ቤት ቆራጮች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ክብ የመሳያ ብረት ግዛ፤ ድንጋይ ስለትን ይፈጥራል፣ ያ ብረት ደግሞ የተጣመመውን ጠርዝ ያቀናል። በየጥቂት ደቂቃው ሁለት ሦስት ጊዜ ማስነካት በየሰዓቱ ድንጋይ ላይ ከመቀመጥ ያድናል።

ምንም ካራ የማይነካው በሬም አለ፤ ሳይታረድ በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወርደው። ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። ቆዳው ይትረፍ ብሎ መግፈፍ በሽታውን ወደ ራስ እጅ ማስገባት ነው፤ በድኑ ሲከፈትም ጀርሙ አየር አግኝቶ ወደ አፈሩ ይገባና ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፣ በድኑ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር።

ቆዳው ዛሬ ምን ያወጣል የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው እጅግ ወርዷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ማግሥት ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል። እውነት ነው። ይሁንና ዋጋው ሲወድቅ መጀመሪያ ገዢ የሚያጣው የተበሳሳው ነው። ገበሬው ቤት ደግሞ ቆዳ ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ ለሞፈሩ ምራን፣ ለአልጋው ጠፍር ከዚያው ይወጣል፣ የተበሳ ቆዳም ረጅም ጠፍር አይሰጥም።

ፍርዴን ላስቀምጥ። ለወረታ ቅርጫ ከባሌስትራ የተሠሩ ሁለት ካራዎችና አንድ የመሳያ ብረት ይበቃሉ፤ ምንም አይስተካከላቸውም። ከውጭ የመጣውን ሰንጢም አትጣለው፤ ፍየል ስትገፍ ለእግሩ አንጓ ዙሪያ፣ ለራሱና ለጅራቱ ሥር ተጠቀምበት፣ ስትጨርስ እጠፈው፣ ወደ ብለታው አታስጠጋው። ምላጩን ስትለውጥ በጣትህ አትጎትት፣ በፒንሳ ያዘው፤ በስብ የራሰ እጅ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ዘመድህ ላምጣልህ ብሎ ከጠየቀህ የምላጩን ፓኮ አብዝተህ እዘዝ፤ እዚህ ገበያ ላይ ስለማታገኘው ካለቀ በኋላ የሚቀርህ እጀታ ብቻ ነው። ያገለገለውን ምላጭ ደግሞ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅመህ ከመፀዳጃ ጉድጓድ ጨምረው እንጂ ከፈርሱ ጋር ወደ ማሳ እንዳትጥለው፤ የፎገራ ሩዝ የሚታረመው ውሃ ውስጥ፣ በባዶ እግር ነው።